ያለ እሳት የሠራሁት ድብልብል ብስኩት

ጎንደር ውስጥ ከእኔ ሌላ ፍሪጅ የሚጠግን ሰው አልነበረም አልልም። ነበረ። ግን ሌሎቹ የጠገኑት በወሩ ሲበላሽ ተጭኖ የሚመጣው ወደ እኔ ነበር። ካሴ እባላለሁ። ትክል ድንጋይ ተወልጄ፣ አራተኛ ክፍልን ሳልጨርስ ከተማ ገብቼ፣ ማንም አስተማሪ ሳይቆምብኝ በሁለት ካቻቢቴና በአንድ ፒንሳ ባለሙያ የሆንሁ ሰው ነኝ። እንግሊዝኛ ማንበብ የለመድሁት ከሞተር ጀርባ ከተለጠፈ ወረቀት ነው። ሰዓት እፈታለሁ፤ ሬዲዮ እፈታለሁ። ባሕረ ሐሳብንም የቆሎ ትምህርት ቤት ደጅ ሳልረግጥ ከመጽሐፍ ለቃቅሜ ተምሬዋለሁ፤ የየዓመቱ ጾምና በዓል የሚውልበትን ቀን ራሴ አስልቼ በደብተሬ እጽፋለሁ። የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ ገዝቼ አላውቅም። ሌላ ሰው በቆጠረው ቀን ለምን እኖራለሁ?

ይህን የምነግራችሁ ለጉራ ብቻ አይደለም። ለጉራም ቢሆን እውነት ነው። የምነግራችሁ ግን በዚያ ሰሞን ምን ዓይነት ሰው እንደነበርሁ ካላወቃችሁ የደረሰብኝ ነገር ስለማይገባችሁ ነው።

ባለቤቴ ዓለምነሽ ካረፈች ስድስት ዓመት ሆኗት ነበር። ከፒያሳ ዝቅ ብሎ ባለችው ሁለት ክፍል ቤቴ ውስጥ ሦስት ፍሪጆች ነበሩ፤ አንዱ የእኔ፣ ሁለቱ ባለቤቶቻቸው ሳይወስዷቸው የቀሩ። መብራት ሲኖር ሦስቱም ያጉረመርማሉ። መብራት ሲጠፋ ሦስቱም ባንዴ ዝም ይላሉ፤ ያኔ ቤቱ እንዴት ባዶ እንደሆነ ጆሮዬ ይነግረኛል። ሰው እየመጣ አይጠይቀኝም ነበር። እኔም አልሄድም። የቀረብኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ስንዱ ትባላለች። ድብ ባሕር አስተማሪ ነበረች። እናቷ ስትታመም እኔ የሕክምና መጽሐፍ ገልጬ አየሁና "ጨጓራ ነው" አልሁ። ተልባ በጠበጥሁላት፣ ክኒን ገዛሁላት። ስንዱ ከድብ ባሕር እየደወለች "አባባ፣ ሐኪም ቤት ውሰዳት" ትለኛለች፤ እኔ "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" እላታለሁ። በአሥራ አምስተኛው ቀን ስወስዳት ሐኪሙ ዘግይታችኋል አለኝ። በአርባዋ ዕለት፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ተቀምጦ እኔ እንዴት አድርጌ እንዳስታመምኋት ስናገር፣ ስንዱ ብድግ ብላ "እናቴን የገደላት 'አውቃለሁ' ማለትህ ነው" አለችኝ። በሰው ፊት። እኔም በሰው ፊት "ዳግመኛ ቤቴን እንዳትረግጪ" አልኋት።

ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ገባ። ሁለቴም ልጄ "ይቅር ለእግዜር" አለች፤ ቤቴ መጥታ ግን እህል ቀምሳ አታውቅም። እኛ አገር ደግሞ ያኮረፈ ሰው በአፉ የፈለገውን ቢል፣ ከቤትህ ገብቶ ካልቀመሰ አልታረቀም።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ።

ረቡዕ ቀን ነው። የነነዌ ጾም ሦስተኛው ቀኔ ነበር። ሰኞና ማክሰኞን ጾሜ፣ የረቡዕን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቄ፣ ዳቦዬን ቆርሼ ገና ስጎርስ ስልኩ ጮኸ። ስሟን ሳይ የቀረውን ዳቦ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ።

"ጤና ይስጥልኝ። ስንዱ ነኝ" አለች፤ እንደማላውቃት።

"አውቄሻለሁ።"

"ባለቤቴ ሥራው ወደ ሐዋሳ ተዛውሮ ልጅቷን ይዞ ቀድሞ ሄዷል። እኔም ልከተል ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ እሑድ አዘዞ ጓደኛዬ ዘንድ እገባለሁ፤ ማክሰኞ ንጋት ላይ ጉዞ ነው። ሰኞ ጠዋት ብቅ ልበል? የእማማን ፎቶ ልወስድ ነው። አንቱን አላስቸግርም፤ አልቆይም።"

አንቱ አለችኝ። ልጄ ከአፍ መፍቻዋ ጀምሮ አንተ ስትለኝ ያደገች ናት።

"ነይ" አልሁ።

ስልኩን ዘጋሁ። ሐዋሳ ከሄደች በእኔ ዕድሜ ዳግመኛ አላያትም ይሆናል። የምትመጣው ለግማሽ ሰዓት ነው። በዚያች ግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ ነገር ከቤቴ መቅመስ አለባት። ምን? ወጥ መሥራት አልችልም። ካልሁ አይቀር ልመን፣ በዓለም ላይ የማልችለው አንድ ነገር እሱ ነው። ከሆቴል አስመጥቼ ባቀርብላት የእኔ እጅ የለበትም። እናቷ ስታበስልበት በኖረችው እሳት ላይ እኔ ምን ጥጄ ላቀርብላት ነው?

ሐሙስ ቀን በስልኬ አንድ ቪዲዮ አየሁ። አንዲት ሴት ብስኩት ታደቅቃለች፣ በለስላሳ አይብ ታቦካለች፣ ታድበለብላለች፣ ፍሪጅ ትከታለች፣ ከዚያ ቀልጦ በተቀመጠ ቸኮሌት ውስጥ ነክራ ታወጣና እንደገና ፍሪጅ። አለቀ። አይጋገርም፣ አይጠበስም። ሥራውን የሚሠራው ብርድ ነው። ከወንበሬ ተነሥቼ ሣቅሁ። ብርድ? ብርድ እኮ የእኔ ሙያ ነው! አርባ ዓመት ለሰው ቤት ብርድ ስሠራ ኖሬ ለራሴ ልጅ ያቅተኛል?

ዓርብ ለሙከራ የገዛሁትን ቸኮሌት አበላሸሁ። ድስት ውስጥ ውሃ አፍልቼ፣ ጎድጓዳ ሳህን ላዩ ላይ አስቀምጬ ሳቀልጠው፣ ከእንፋሎቱ አንዲት ጠብታ ገባችና ቸኮሌቱ እንደ እርጥብ አሸዋ ጓጎለ። ሴትዮዋ በቪዲዮው ስለ ውሃ ጠብታ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። ራሴ ደረስሁበት። ቀጥሎ እሳቱን አጥፍቼ፣ ሳህኑን በደረቅ ጨርቅ ጠርጌ፣ በውሃው ሙቀት ብቻ ቀስ አድርጌ ባቀልጠው እንደ ሐር ተንጣለለ።

ቅዳሜ ከቅዳሜ ገበያ አይብ ገዛሁ። ሻጯ ስትመዝንልኝ "እንግዲህ ዛሬና ነገ ይብሉት" አለችኝ። "እኔ ፍሪጅ አለኝ፤ ሳምንትም አይነካው" አልኋት። ያፈረች አትመስልም፤ ቀና ብላ ብቻ አየችኝ። ከዚያ ወደ ዘይነባ ሱቅ ጎራ አልሁ። ዘይነባ ከቤቴ ፊት ለፊት ከሃያ ዓመት በላይ ቅመማ ቅመምና ሸቀጥ ስትሸጥ የኖረች ጎረቤቴ ናት፤ አባቷም አያቷም ነጋዴ ነበሩ።

"አያ ካሴ፣ ብስኩቱ የጾም ነው የፍስክ?" አለችኝ።

"የፍስክ ነው እንጂ! ቅቤ ያለው፣ ወተት ያለው፣ ምርጡን አምጪ።"

አፏን ከፈት አድርጋ መልሳ ዘጋችው። ብስኩቱን ሰጠችኝ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድሁም። አይቡ በጨርቅ ተንጠልጥሎ ውሃው እየተንጠባጠበ ነበር፤ መብራቱም የሚጠፋ መሰለኝና ልጠብቀው ብዬ ቀረሁ። ብስኩቱን በዓለምነሽ ሙቀጫ ወቀጥሁ። ሙቀጫው ከሞተች ወዲህ ከማዕዘኑ ተነቃንቆ አያውቅም ነበር። አይቡን ከለጋ ቅቤ ጋር መትቼ ብስኩቱን ለወስሁበት። የእርግብ እንቁላል በሚያህል መጠን፣ አንዱ ከአንዱ ሳይበልጥ ሳያንስ፣ ሃያ አራት አድበለበልሁ። ነከርሁ፤ አቀዘቀዝሁ። ስጨርስ ያብረቀርቁ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ፒያሳ ኬክ ቤቶች ውስጥ እንደዚያ ያለ ሥራ አላየሁም። አንዷን እንኳ አልቀመስሁም። መጀመሪያ የምትቀምሰው እሷ ናት ብዬ።

ሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።

ከስታለች። ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሏል። ልጄ ሸብታ ሳያት ስድስት ዓመት ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ተሳሳምን፤ እንደ ለቅሶ ቤት ሰው፣ ሳንተያይ።

"ግቢ አይሉኝም?" አለች።

"ግቢ፣ ግቢ። ቤትሽ አይደል?"

ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ከጭኗ አላወረደችም። ዓይኗ እናቷ ፎቶ ላይ ነበር። ስለ መንገዱ ጠየቅሁ፣ ደህና ነው አለች። ስለ ልጅቷ ጠየቅሁ፣ ደህና ናት፣ ሁለተኛ ክፍል ገብታለች አለች። ከዚያ ወሬው አለቀ። ፍሪጆቹ ያጉረመርማሉ።

ተነሥቼ ሳህኑን አወጣሁ። ሃያ አራቱን ደርድሬያቸዋለሁ። ፊቷ አስቀመጥሁት።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"እኔ የሠራሁት ነው። ያለ እሳት። በብርድ ብቻ።"

"አንቱ ነዎት የሠሩት?" ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አየችኝ። ከንፈሯ ጥግ ላይ አንድ ነገር ንቅንቅ አለ። "ሸጋ ነው። ያምራል።"

"ቅመሽዋ!"

"አይ... ይቆየኝ።"

"ምኑ ነው የሚቆየው? ትሄጃለሽ አላልሽም?"

"እወስደዋለሁ። ይጠቅልሉልኝ።"

"እዚሁ ነው የምትቀምሺው!" ድምፄ ከፍ ማለቱ ለራሴም ተሰማኝ። "አራት ቀን የለፋሁበት ነው። መርዝ አላደረግሁበትም።"

"እንደሱ አላልሁም።"

"ታዲያ ምነው? እስካሁን ቂም ይዘሽ ነው? ሽማግሌ ፊት 'ይቅር' ያልሽው ለይስሙላ ነበር? እቅጩን ንገሪኛ!"

ቦርሳዋን ይዛ ተነሣች። ዓይኗ ቀልቷል። "ዛሬ ምን እንደሆነ አያውቁም?"

"ሰኞ ነው!"

"ነነዌ ነው። የነነዌ የመጀመሪያው ቀን። ይኼ ደግሞ አይብ አለው፤ ቅቤ አለው።"

ሣቅሁ። አዎ፣ ሣቅሁ። "ነነዌ? ነነዌማ ባለፈው ሳምንት ወጣ። እኔ ጾሜ ጨርሻለሁ።"

"ከድብ ባሕር እስከ አዘዞ ያለው ሰው ሁሉ ዛሬ ነው የገባው።"

"እንግዲያው ሁሉም ተሳስቷል" አልሁ።

ይህን ቃል የተናገርሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ጥዬ "አይተሽ ፍረጂ! እኔ ምስክር ይዤ እመጣለሁ" ብዬ ወጣሁ። መንገዱን ተሻግሬ ዘይነባ ሱቅ ገባሁ።

"ዘይነባ፣ ዛሬ ጾም ነው እንዴ?"

"ምነው አያ ካሴ! ነነዌ አይደል? ከጠዋት ጀምሮ ወተት ስጪኝ ያለኝ ሰው የለም።"

የከረጢት ክምር ላይ ተቀመጥሁ። "ቅዳሜ ብስኩቱን ስገዛ ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"የጾም ነው የፍስክ ብዬ ጠየቅሁዎ እኮ። ለእሑድ መሰለኝ። ደግሞስ ማን ደፍሮ ይነግርዎታል? ያኔ በጥምቀት ሰሞን 'ነገ ገሃድ ነው፣ ሥጋውን ዛሬ ያውጡት' ብልዎ፣ 'የእኔን ጾም ሙስሊሟ ልታስቆጥሪኝ ነው?' ብለው ሱቅ ሙሉ ሰው አላሳቁብኝም?"

ረስቼው ነበር። እሷ አልረሳችውም።

"ባለፈው ሰኞም እንቁላል ላውጣልዎ ወይ ብል 'ጾም ነው' አሉኝ" አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ገረመኝ። የስለት ጾም ይኖርባቸዋል ብዬ ዝም አልሁ።"

ባለፈው ሰኞ። ሰኞና ማክሰኞ ከተማው ሁሉ ወተቱን እየጠጣ፣ ሥጋውን እየበላ፣ እኔ ብቻዬን ነነዌን ጾሜያለሁ። ሁለት ቀን ሙሉ። ጾም የያዘ አንድ ሰው ከጎኔ እንዳልነበረ እንኳ አላስተዋልሁም። ሁልጊዜም ከጎኔ ሰው አልነበረማ! ከዚያች ደቂቃ በፊት ብቸኛ ነህ ቢሉኝ አልቀበልም ነበር። ነፃ ሰው ነኝ እል ነበር።

"ልጅዎ መጥታለች አይደል? ስትገባ አየኋት" አለች ዘይነባ። ስሜቴ ገብቷት ይሁን እንጃ፣ አንድ ከረጢት ሰሊጥና ሁለት እሽግ የጾም ብስኩት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ካካዎ ጨመረችበት። "የሳንጃ ሰሊጥ ነው። ይኼን ይዘው ይግቡ። ሳትቀምስ ሊሸኟት ነው?"

ይዤ ተሻገርሁ። በሩን ስከፍት ትሄዳለች ብዬ ያሰብኋት ልጄ ደብተሬን ይዛ ተቀምጣ አገኘኋት። ቦርሳዋ መሬት ላይ ነበር።

"ቅዳሜ ላይ አንድ ብለህ ጽፈሃል" አለችኝ። አንቱታው ቀርቷል።

"ልክ ነዋ። እሑድ ሰባት፣ ሰኞ ስድስት እያለ ይወርዳል። ዓርብ ሁለት፤ ቅዳሜ አንድ።"

"ቅዳሜ ስምንት ነው፣ አባባ። ልጅ ሳለሁ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ያስያዝኸኝ አንተ ነህ። 'ሌሎቹ ይወርዳሉ፣ ቅዳሜ ግን ትዘላለች' እያልህ።"

ስሌቱን ለማታውቁ፣ እያንዳንዱ ዕለት የሚደመርለት ቁጥር አለው። ለቅዳሜ በስምንት ፋንታ አንድ የደመረ ሰው ጾሙን ድፍን ሳምንት አስቀድሞ ይገባበታል። ጀማሪ ተማሪ የማይሳሳተው ነው። እኔ ተሳሳትሁ። ልጄን ያስተማርኋትን ረስቼ።

ስንዱ ገጹን ገለጠች። በየቀኑ የምጽፈውን ታነብባለች። "'ሰኞ፣ ጾምሁ፤ ማክሰኞ፣ ጾምሁ፤ ረቡዕ፣ ጾምሁ፤ ስንዱ ደወለች።'" አቆመች። "ሰኞንና ማክሰኞን ብቻህን ነው የጾምኸው?"

"እኔ ብቻዬን መሆኔን በምን ላውቅ?"

"አንድ ሰው እንኳ 'ምነው አያ ካሴ' አላለህም?"

"ማን ይለኛል?"

እኔ ቆሜ ሰሊጡን እንደታቀፍሁ ቀረሁ። ከዚያ፣ በሰባ ሦስት ዓመቴ፣ ያን ቃል ከአፌ አወጣሁት።

"አላወቅሁም" አልሁ። "ተሳስቻለሁ።"

"ምን አልኸኝ?"

"አላወቅሁም። የእናትሽንም አላወቅሁም ነበር። መጽሐፉ ላይ ጨጓራ የሚለውን አገኘሁና ገጹን ዘጋሁት፤ ቀጣዩን አላነበብሁም። ይኼን ደግሞ ለማንም አልተናገርሁም፣ በዘጠነኛው ቀን እናትሽ 'ካሴ፣ እባክህ እንሂድ' ብላኝ ነበር። 'ነገ ይሻልሻል' አልኋት። ስድስት ቀን 'ነገ ይሻልሻል' አልኋት።"

ስንዱ ነጠላዋን ወደ አፏ ወሰደች። የምትጮህብኝ መሰለኝ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ፎቶውን እያየች ድምፅ ሳታወጣ አለቀሰች። እኔ አጠገቧ ልሂድ አልሂድ ሳላውቅ ባለሁበት ቆምሁ።

ብዙ ቆይታ አፍንጫዋን ጠረገችና "ስንት ሰዓት ሆነ?" አለች።

"አምስት ተኩል።"

"ጾሙ ዘጠኝ ሰዓት ነው የሚፈታው።"

"አዎ።"

አልቆይም ብላኝ ነበር። ሰሊጡን አስቀመጥሁና "የጾም አድርገን ብንሠራውስ?" አልሁ።

"ታውቅበታለህ?"

"አላውቅም።"

ያን ጊዜ ሣቀች። እንባዋ ሳይደርቅ። "እሰይ! ዛሬ አያ ካሴ አራት ጊዜ 'አላውቅም' አሉ! ጎንደር ትስማ!" አለችና እጅጌዋን ሰበሰበች።

ሰሊጡን እኔ ቆላሁ፤ እያረረብኝ ስለነበር ነጥቃ እሷ ጨረሰችው። በእናቷ ሙቀጫ እየተፈራረቅን ወቀጥን፤ ዘይቱ ወጥቶ ለስልሶ እንደ ቅቤ እስኪሆን። በማር ለወስነው፣ የጾም ብስኩቱን አደቀቅንበት። እሷ አድበለበለች። ካካዎውን በስኳርና በዘይት ለማቅለጥ ሁለቴ ከሸፈብን፤ በሦስተኛው ያዘ፤ ድብልብሎቹን ነክረን ፍሪጅ ከተትናቸው። እየሠራን እያወራን ነበር አልልም። ብዙውን ጊዜ ዝም ብለን ነበር። ግን በሁለት ሰው መካከል ያለ ዝምታ ነበር፤ እኔ የለመድሁት ዓይነት አልነበረም።

ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።

"ይኸው!" አለች ስንዱ።

"ፍሪጁን እንዳትከፍቺው ብቻ። ካልተከፈተ ብርዱን እስከ ማታ ይይዛል። ይኼን አውቃለሁ።"

"ይኼንስ አምንሃለሁ" አለች።

ሁለት ሰዓት ጠበቅን። እሷ ስለ ተማሪዎቿ ነገረችኝ። ተሰናብታቸው ስትወጣ እስከ መኪናው ድረስ ተከትለዋት እንደነበር። እኔ ስለ ምንም አልነገርኋትም፤ የምነግራት አልነበረኝም። አንድ ጊዜ "ማታ ማታ ምን ትሠራለህ?" አለችኝ። "ሬዲዮ እፈታለሁ" አልሁ። "የተበላሸ?" አለች። "ደህናም ቢሆን" አልሁ። መሬት መሬት አየች።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ፍሪጁን ከፈትሁ። ቸኮሌቱ ሙሉ በሙሉ አልጠነከረም፤ ጣት ላይ ይቀባል። ቅርጻቸውም አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ጎባጣ። ስንዱ አማተበችና አንዱን አነሣች። ግማሹን ነክሳ አኘከች። እኔ አፏን አየሁ። በሕይወቴ የሰው አፍ እንዲህ አይቼ አላውቅም።

"ማሩ በዛ" አለች።

"ይበዛል ብዬሽ ነበር።"

"አላልኸኝም።"

"አላልሁሽም" አልሁ።

ግማሹን ጨረሰች። ሁለተኛ አነሣች። ያንንም በላች። ከዚያ እኔን አጎረሰችኝ።

ልትወጣ ስትል ፎቶውን ከግድግዳው አወረድሁ። ሰጠኋት። "ልተውልህ?" አለችኝ። "ልጅሽ አያቷን ትወቅ፤ ውሰጂው" አልኋት። የጾም ድብልብሎቹን በፌስታል ቋጠረች። ያብረቀርቁ የነበሩትን ሃያ አራቱን ደግሞ እየወጣን ሳለ ለዘይነባ ሰጠናቸው፤ እንግዳ ነበራትና ተሻሙባቸው። "እጅዎ ይባረክ፣ አያ ካሴ!" አለችኝ። እኔ ሙያዬን ያሳየሁባቸውን አልቀመስኋቸውም፤ እስከ ዛሬ ምን ምን እንደሚሉ አላውቅም።

ታክሲ ስታቆም ስንዱ ዞር አለችና እንዲህ አለችኝ፦ "አባባ፣ ሁሉንም ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ አልዋሽህም። የእማማ 'እንሂድ' ማለት ገና አልወጣልኝም። ግን በልቻለሁ።"

"በልተሻል" አልሁ።

ሄደች። መብራት አልመጣም ነበር። ቤት ገብቼ ሦስቱ ፍሪጆች ዝም ባሉበት፣ ማር በነካው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀመጥሁ። ከዚያ በፊት ስድስት ዓመት ብቻዬን ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያ ምሽት ግን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ሰው መጥቶ ሲሄድ የሚተወው ባዶ ከቀድሞው ይሰፋል።

እናንተ የምታነቡኝ፣ በተለይ እንደ እኔ ራሳችሁን በራሳችሁ ያስተማራችሁ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ራስን ማስተማር ሸጋ ነገር ነው፤ አሁንም እኮራበታለሁ፤ አሁንም ከተማ ውስጥ ከእኔ የተሻለ ፍሪጅ የሚያስነሣ ካለ ይምጣና ይግጠመኝ። ነገር ግን ማንም አላስተማረኝም የሚል ሰው ሲሳሳት የሚነግረው ሰው አይኖርም። ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። አፉን ከፍቶ፣ ያዋረድኸውን ቀን አስታውሶ፣ መልሶ ይዘጋዋል። የአይቧ ሻጭ ዝም አለችኝ፣ ዘይነባ ዝም አለችኝ፤ ከተማ ሙሉ የሚያውቀውን እኔ ብቻ ሳላውቅ ዋልሁ። ዓለምነሽ በዘጠነኛው ቀን "እንሂድ" ብላ በአሥረኛው ለምን ዝም እንዳለች አሁን ይገባኛል። ደክሟት ብቻ አልነበረም።

ይህን ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ ያለውን ብቻ ለስንዱ በስልክ አነበብሁላት። ሁለት ቦታ አረመችኝ። አንዱን ተቀበልሁ።

ከነነዌ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ በቅበላው እሑድ፣ ሐዋሳ ደወልሁ።

"ስንዱ፣ ዐቢይ ጾም የሚገባው መቼ ነው?"

"ነገ ነው፣ አባባ። ነገ ሰኞ።"

"ነገ?"

"ነገ። ዛሬ ማታ ቅበላ ነው። ብቻህን አትብላ፤ ዘይነባ ሱቅ ሄደህ ተቀመጥ። እሺ?"

"እሺ። እንኳን ነገርሽኝ" አልሁና ዘጋሁ።

ደብተሩ ፊቴ ተከፍቶ ነበር። ለቅዳሜ ስምንት ደምሬ፣ ሁለቴ አረጋግጬ፣ ጾሙ ነገ እንደሚገባ ከሳምንት በፊት ጽፌዋለሁ። ስሌቴ ልክ ነበር፤ ለእሷ ግን አልነገርኋትም።